ወርቁ ተሽጦ ማሽኑ የቀረ ኦሜጋ፦ የአንድ ቀፎ ፍለጋ ከደሴ እስከ ጅዳ

ደሴ ውስጥ ሰዓት ለሚጠግን ሰው ቀፎ፣ ማለትም የውጪ አካል፣ የሌለው የሰዓት ማሽን እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱ ወርቅ ነው። ሰዓቱ ሲገዛ ቀፎው የወርቅ ነበር። ችግር ሲመጣ ወርቁ ለአንጥረኛ ይሸጣል። አንጥረኛው የሚመዝነው ወርቁን ብቻ ስለሆነ ማሽኑን ፈልቅቆ ለባለቤቱ ይመልሳል። ቀፎው ቀልጦ ቀለበት ወይም የጆሮ ጌጥ ይሆናል። ማሽኑ ደግሞ የሆነ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይረሳል። ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ጥር 1980 አንድ አውንስ ወርቅ 850 ዶላር ሲገባ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥም ብዙ የወርቅ ሰዓት እሳት ውስጥ ገብቷል። ዛሬም ወርቅ በተወደደ ቁጥር ይኸው ይደገማል።

እዚህ የምጽፈው ከእነዚህ ማሽኖች የአንዱን ጉዳይ ነው። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። ማሽንና ቀፎ አልገጥም ሲሉ የሚስተካከለው ቀፎው ነው። ማሽኑና ፊቱ አይነኩም። አይሞረዱም፣ አይቆረጡም፣ አይበሱም። ይህን የምለው ብዙ ጥሩ ማሽን በሞረድ ሲበላሽ ስላየሁ ነው።

ማሽኑ ከየት መጣ

ባለቤቷ ኮምቦልቻ የምትኖር መምህርት ናት። አባቷ ነጋዴ ነበሩ። በባቲና በሚሌ አድርገው አሰብ ድረስ ይመላለሱ ነበር። ሰዓቱ እጃቸው የገባው አንድ የንግድ ወዳጃቸው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በገንዘቡ ፋንታ ስለሰጣቸው ነው። ቀፎው ወርቅ ነው። አባትየው ደግሞ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ሰው ነበሩ። በእስልምና ወርቅ ለወንድ ስለማይፈቀድ አንድም ቀን እጃቸው ላይ አላሰሩትም። ሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጡት። አልፎ አልፎ ያወጡትና ሞልተው ያዳምጡታል። ልጆቹም ተራ በተራ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ የ77ቱ ድርቅ መጣ። ያኔ ወሎ ምን እንዳሳለፈ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናትየው የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ሸጡ። የሰዓቱ ተራ ሲደርስ አንጥረኛው ወርቁን መዝኖ ወሰደ፤ ማሽኑን ከነፊቱና ሰዓት ከሚያመለክቱት ቆጣሪዎቹ ጋር መለሰላቸው። እናት አልጣሉትም። በጥጥ ጠቅልለው ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት።

በቅርቡ እናትም አረፉ። ዕቃ ሲለይ ቆርቆሮው ወጣ። ታናሽ ወንድሟ "የአባቴን ሰዓት እኔ ላስረው" አለ። የሚታሰር ነገር ግን የለም።

መምህርቷ መጀመሪያ የጠየቀችው ሰው "ፊቱን ትንሽ ሞረድ አድርገን፣ ያለን ቀፎ ውስጥ እናስገባዋለን" ብሏት ነበር። ደግነቱ ልቧ አልፈቀደም። ሐረጎን ወጥታ ደሴ መጣች። ፒያሳ አካባቢ አብሬያቸው የምሠራ አንጋፋ ሰዓት ሠሪ አሉ። ቆርቆሮውን ፊታቸው ከፍታ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ነፍስ ይኖረዋል?" አለቻቸው።

"አብሽር ልጄ" አሏት። "መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንየው።"

ምን ዓይነት ማሽን ነው?

ጋሼ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ማሽኑን ገለበጡት። ቀለሙ የመዳብ ነው። ኦሜጋ የተባለው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ የዚያ ዘመን ማሽን በዚህ ቀለም ከሩቅ ይለያል። ሲያነቃንቁት ወዲያ ወዲህ የሚዞረው ጎማ ትንሽ ተወዛውዞ ቆመ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጎማው የተሸከመበት ቀጭን ዘንግ አልተሰበረም ማለት ነው። ማሽኑ ላይ 266 የሚል ቁጥር፣ ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው 17 ድንጋዮች እንዳሉት የሚገልጽ ጽሑፍና በ13 ሚሊዮን የሚጀምር መለያ ቁጥር አለ። እንዲህ ያለው መለያ ቁጥር ማሽኑን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። በእኛ አቆጣጠር 1940ዎቹ አጋማሽ መሆኑ ነው።

266 ከታወቀ ቤተሰብ ነው። ኦሜጋ በፈረንጆቹ 1939 የጀመረውና እስከ 1963 ድረስ የሠራው ባለ 30 ሚሊሜትር ማሽን ቤተሰብ ይባላል። ስፋቱ 30 ሚሊሜትር የሆነው እንዲያው አልነበረም። ስዊዘርላንድ ውስጥ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያዎች የሰዓት ትክክለኛነት ውድድር ያካሂዱ ነበር። ለእጅ ሰዓት ክፍል የተፈቀደው ከፍተኛ ስፋት 30 ሚሊሜትር ነው። የኦሜጋ መሐንዲሶች የተፈቀደውን ቦታ እስከ ጫፉ ተጠቀሙበት። ማሽኑ ሰፋ ሲል ጎማውም ሞላውም ተለቅ ይላል። ተለቅ ያለ ጎማ ደግሞ ሰዓት ይጠብቃል። ከዚህ ቤተሰብ ወደ 3 ሚሊዮን ማሽን ተሠርቷል። ይህ ቁጥር ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነበር። ማሽኑ ብዙ ከተሠራ ቀፎውም ብዙ ተሠርቷል ማለት ነው። የሆነ ቦታ ማሽኑ የሞተበት ቀፎ አይጠፋም።

ፊቱም ደህና ነው። ክሬም ቀለም አለው፤ የሰዓት ምልክቶቹ ወርቅማ ናቸው፤ ሰከንዱ 6 ቁጥር ላይ ለብቻው በትንሽ ክብ ውስጥ ይቆጥራል። 4 ቁጥር አጠገብ ትንሽ ዝገት ነክቶታል። ጋሼ "ይሄ አይነካም" አሉ። እኔም አንድ ነኝ። ፊቱ እንደገና ቀለም ከተቀባ በኋላ የድሮ ሰዓት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ልኬት

ቀፎ ከመፈለግ በፊት ልኬት ይወሰዳል። ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል። ቀፎ ያያል፣ ይወደዋል፣ ይገዛዋል፣ ከዚያ ማሽኑን ካላስገባሁ ብሎ ይታገላል።

የምንለካበት መሣሪያ፣ የካሊፐሩ፣ ጫፍ ብረት ስለሆነ በቀጭን ፕላስተር ሸፈንነው። ያለዚያ የፊቱን ጠርዝ ይጭረዋል። ማሽኑ ልክ 30 ሚሊሜትር ወጣ። ውፍረቱ ያለ ፊቱ 4 ሚሊሜትር ነው። ፊቱ ከማሽኑ ሰፋ ይላል፤ 31 ነጥብ 5። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአንድ ዓይነት ማሽን ስፋት ሁሌም አንድ ነው፤ የፊቱ ስፋት ግን እንደ ቀፎው ይለያያል። ፋብሪካው ለትልቅ ቀፎ ትልቅ ፊት፣ ለትንሽ ቀፎ ትንሽ ፊት ነው የሚሠራው። ስለዚህ "ለ266 የሚሆን ቀፎ" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ልኬት የዘንጉ ከፍታ ነው። ሰዓቱን የምንሞላበት መጠምዘዣ በቀጭን ዘንግ ከማሽኑ ጋር ይገናኛል። ዘንጉ በቀፎው ጎን ባለች ትንሽ ቱቦ ያልፋል። ከፊቱ ጀርባ እስከ ዘንጉ መሃል ያለው ርቀት ቀፎው ላይ ካለችው ቱቦ ጋር ካልተገጣጠመ ዘንጉ ይጎብጣል። መጀመሪያ የሚሰማው መጠምዘዣው ሲከብድ ነው። ቆይቶ ቱቦዋ ትበላለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ሲሞላ ዘንጉ ጣት ላይ ይቀራል። ለዚህ ሁሉ ጣጣ የ0.3 ሚሊሜትር ልዩነት ይበቃል። ዓይን አያየውም።

ሌላው ከቆጣሪዎቹ ጫፍ እስከ መስታወቱ ያለው ክፍተት ነው። እሱን ቀፎው ሲገኝ እናየዋለን ብለን ተውነው። ሁሉንም ልኬት በወረቀት ጽፈን ከካሊፐሩ ጋር ፎቶ አነሳነው። ይህ ወረቀት በኋላ ብዙ አገለገለ።

ያልሆኑት ቀፎዎች

የመጀመሪያውን ያመጣው ወንድምየው ነው። አዲስ አበባ ያገኘው፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ቀፎ ነው። እንዲህ ያሉ ቀፎዎች የሚሠሩት ኡኒታስ 6497 ለሚባል ሰፊ ማሽንና ለቻይና ቅጂው ነው። የዚያ ማሽን ስፋት 36.6 ሚሊሜትር ነው። የእኛን 30 ሚሊሜትር ዙሪያውን በቀለበት ከብቦ ማስገባት ይቻላል። የእኛ ፊት ግን ከመስታወቱ ሥር በግራም በቀኝም ብዙ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን በሌላ ቀለበት ቢሸፍኑት የአባትየው ሰዓት መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል። ወንድምየው ራሱ ፊቱን ቀፎው ላይ አስቀምጦ ሲያየው ተወው።

ሁለተኛውን አንድ ነጋዴ አቀረበ። ይህኛው እውነተኛ ኦሜጋ ነው። ብረት ነው፣ ጥሩ ይዞታ ላይ ነው፣ ዋጋውም የሚያዋጣ ነው። ክዳኑን ስንከፍተው ለአውቶማቲክ ማሽን የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ የሚቀመጥበት ስፋት 28 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ነጋዴው "ቶርኖ ላይ ትንሽ ማስፋት ነው እንጂ ምን አለው" አለ። እውነት ነው፣ ይሰፋል። ግን ያ ቀፎ የሌላ ማሽን ቤት ነው። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማበላሸት አልዋጥ አለን። የቀፎው ግድግዳ ሲሳሳ ክዳኑ የሚይዝበት ጠርዝም ይዳከማል። ኦሜጋ ስለሆነ ብቻ ኦሜጋ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሐሳብ የወንድምየው ነው፤ እስካሁን ልቤ ውስጥ አለ። "ለምን የእኛው አንጥረኛ ከብር አይሠራልንም?" አለ። ወርቅ ለወንድ አይሆንም እንጂ ብር ችግር የለውም ብሎ ነው። የወሎ አንጥረኛ እጅ የሚታወቅ ነው። የድሮ የኪስ ሰዓቶችም ብዙዎቹ ባለ ብር ቀፎ ነበሩ። አንድ አንጥረኛ ጋ ሄደን አማከርነው። ሰውየው ቅን ነው፤ ወረቀቱን ደጋግሞ አየውና "ውጪውን እሠራዋለሁ፤ ውስጡን ግን በእጅ እንዲህ አላደርስም" አለ። ልክ ነው። ማሽኑ የሚያርፍበት ደረጃ፣ የቱቦዋ ቀዳዳ፣ ተጭኖ የሚዘጋው ክዳን፣ እነዚህ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የሚጠይቁ ናቸው። ብር ደግሞ ለስላሳ ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጠርዙ ይላላል። አንጥረኛና የቶርኖ ባለሙያ ተባብረው ቢሠሩት የሚሆን ይመስለኛል። ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ለዚህ ቤተሰብ ግን ከአቅም በላይ ነበር።

ጅዳ የተገኘው

ወሎ ውስጥ ሳውዲ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። የመምህርቷ የእህት ልጅ ጅዳ ትሠራለች። እዚያ አሮጌ ሰዓት የሚሸጥ ሱቅ እንዳለ ሰምታ ሄደች። የሰዓት ነገር አታውቅም። ግን ስልክ አላት፣ ትዕግሥት አላት። የልኬቱን ወረቀት በቴሌግራም ላክንላት።

ሱቁ ውስጥ ማሽኑ የዛገ አንድ የብረት ኦሜጋ አገኘች። ውሃ ገብቶበታል፤ ጎማው አይንቀሳቀስም፤ ፊቱ ተልጧል። ባለሱቁ በርካሽ ሊሰጣት ፈቀደ። እኛ ግን "እንዳትገዢ፣ ቆይ" አልናት። ክዳኑ ተከፍቶ የማሽኑን ቁጥር ማየት ነበረብን። ባለሱቁ ከፈተላት። ፎቶው ሲመጣ ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። 283 ይላል።

283 የዚያው የ30 ሚሊሜትር ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ ሰከንድ ቆጣሪው መሃል ላይ መሆኑ ነው። ሰከንዱን መሃል ለማምጣት ፋብሪካው ከማሽኑ ጀርባ ተጨማሪ ጥርስ ጨመረ። ስለዚህ ማሽኑ ወደ ጀርባ ይወፍራል፤ በፊቱ በኩል ግን የዘንጉ ቦታ ያው ነው። ይህ ማለት ቀፎው ለእኛ ማሽን በስፋትም በዘንግ ከፍታም ይሆናል። ከጀርባ ብቻ ትርፍ ቦታ ይኖረዋል። ጎደሎ ቦታ የሚሞላበት መንገድ አይገኝም፤ ትርፍ ግን ይሞላል።

የቀረው የፊቱ ልክ ነው። ልጅቷ ከባለሱቁ ካሊፐር ተውሳ ፊቱ የሚያርፍበትን ስፋት ለካች። ካሊፐሩን በአንድ እጅ፣ ስልኩን በአንድ እጅ ይዛ "ጋሼ፣ 31 ነጥብ 7 ይላል፣ ይሆናል?" ስትል በድምፅ ላከች።

"እንደገና ለኪ ልጄ። ወደ ጎንም ወደ ላይም።"

ለካች። ያው ነው። ከእኛ ፊት በ0.2 ሚሊሜትር ይሰፋል። ይህ ደግሞ የመስታወቱ ጠርዝ የሚሸፍነው ነው። ጋሼ "አልሐምዱሊላህ፣ ግዢው" አሏት። ማሽኑን፣ ዘንጉንና መጠምዘዣውን ሳታስቀር ሙሉውን እንድታመጣ አጥብቀን ነገርናት። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ይዞት መጣ።

አቧራው

ቀፎው ደሴ ሲደርስ ወዲያው አልነካነውም። ምክንያቱ የአሮጌው ሰዓት ቆጣሪዎች ላይ ቡናማ የሆነ የሚያበራ ቀለም ነበር፤ ተሰነጣጥቆ ፍርፋሪው ቀፎው ውስጥ ወርዷል። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ፣ በጨለማ የሚያበራ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚቀባው ሬዲየም የተባለ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ያለበት ቀለም ነው። ቀለሙ ማብራት ካቆመ ቆይቷል፤ ሬዲየሙ ግን አለ። ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። አደጋው ሰዓቱን ማሰር አይደለም። አደጋው ፍርፋሪውን መፋቅ፣ በአፍ እፍ ማለትና መተንፈስ ነው። ብዙ ሰዓት ሠሪ እፍ ማለት ልማዱ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉት። እኛ ጓንት አጥልቀን በእርጥብ ወረቀት ጠረግነው። ወረቀቱንም ቆጣሪዎቹንም በፌስታል አሽገን ለየናቸው።

ከጸዳ በኋላ ክዳኑ ውስጥ በመርፌ የተጫሩ ትንንሽ ቁጥሮች ታዩ። ሰዓት ሠሪዎች ሰዓቱን የከፈቱበትን ቀን እንዲህ ይጽፋሉ። የት አገር እንደተጻፉ የሚያውቅ የለም። እንዳሉ ተውናቸው።

ኮምቦልቻ የተሠራው ቀለበት

ማሽኑ ቀፎው ውስጥ ሲገባ እንደተጠበቀው ነው። ፊቱ ቦታው ላይ አረፈ። ከ283 ያወጣነውን ዘንግ ስናስገባው ያለ ምንም ግፊት ገባ። መጠምዘዣው ሲዞር ለስላሳ ነው። ዘንጉ ለዚያው ቀፎ የተቆረጠ ስለሆነ መቁረጥም ማስረዘምም አላስፈለገም። ሙሉውን እንድታመጣ ያጠበቅነው ለዚህ ነበር።

ማሽኑ ግን አይያዝም። ማሽን ቀፎው ውስጥ የሚጸናው ጠርዙ ላይ ባሉ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ነው። የብሎኖቹ ራስ የቀፎውን የውስጥ ጠርዝ ተጭኖ ይይዛል። ይህ ቀፎ ለወፍራም ማሽን ስለተሠራ የእኛው ሲገባ ራሶቹ የሚይዙት አጡ። ሰዓቱን ነቅነቅ ሲያደርጉት ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል። እንዲህ ተትቶ ቢታሰር በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሸክሙ ዘንጉ ላይ ይወድቃል።

መፍትሔው ከማሽኑ ጀርባ ዙሪያውን የሚቀመጥ ቀጭን የናስ ቀለበት ነው። ብሎኖቹ ቀለበቱን ይጫናሉ፤ ቀለበቱ ቀፎውን ይጫናል። ናስ የተመረጠው ለስላሳ ስለሆነ ነው። ሁለት ብረት ቢፋተግ የሚበላው ናሱ ይሁን፤ ነገ በሌላ ይተካል።

ለዚህ ኮምቦልቻ ወረድን። ፋብሪካ ያለበት ከተማ የቶርኖ ባለሙያ አያጣም። የሄድንበት ሰው የወፍጮና የፓምፕ ዕቃ የሚሠራ ነው። ወረቀቱን አይቶ ሳቀና፣ "ጋሼ፣ እኔኮ የምሠራው በክንድ የሚለካ ነው" አላቸው። ከዚያ ግን ቁም ነገር አድርጎ ያዘው። የናስ ዘንግ ቶርኖው ላይ አሰረ። መጀመሪያ ውጪውን፣ ቀጥሎ ውስጡን አወጣ። በየመሃሉ ይቆምና ይለካል። እንዲህ ያለ ቀጭን ቀለበት ማሽን ላይ እንዳለ ቢያሳሱት ይጎብጣል። ስለዚህ ከሚፈለገው ወፈር አድርጎ ቆረጠልን።

የመጨረሻው ሥራ የእጅ ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በጣም ረቂቅ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎ ትንሽ ውሃ ይነካል። ቀለበቱ በጣት ጫፍ ተይዞ ክብ ክብ እየተባለ ይፈገፈጋል። በየጊዜው ይገለበጣል፤ ያለዚያ አንዱ ወገን ይሳሳል። ጋሼ ይህን ለማንም አይሰጡም። ጥቂት ይፈገፍጋሉ፣ ያጥባሉ፣ ቀፎው ውስጥ ይሞክራሉ፣ ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ ያደርጉታል። ድምፁ ሲጠፋ አቆሙ። ካሊፐሩ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ያነሰ ሆነ። ከእኛ ሥራ በሙሉ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህን ቀለበት እመርጣለሁ። ክዳኑ ሲዘጋ ማንም አያየውም። ሲፈለግ ሁለት ብሎን ተፈትቶ ይወጣል፤ ማሽኑ ላይ አንድም ምልክት አይተውም።

ማሽኑ ተፈትቶ ታጠበ፣ ዘይት ተቀባ። ሞላው አዲስ ተደረገ። የዚህ ቤተሰብ ማሽን በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 5 ማለት ነው። በስልክ ድምፁን ስንለካው ምቱ ጠንካራ ነው። በቀን ጥቂት ሰከንድ ይቀድማል፤ በዚህ ዕድሜ ከዚህ በላይ አይጠየቅም። መስታወቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭረቱ በጥርስ ሳሙና ተወልውሎ ጠራ። የቀፎው መስታወት ለመሃል ሰከንድ ተብሎ ከፍ ያለ ነው፤ የእኛ ቆጣሪዎች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ክፍተቱ ተርፏል።

ወርቅና ብረት

መምህርቷ አንድ ነገር ከንክኗት ነበር። የሰዓት ምልክቶቹና ቆጣሪዎቹ ወርቅማ ናቸው፤ ቀፎው ግን ነጭ ብረት። "አይጣላም?" አለች። አይጣላም። ኦሜጋ ራሱ በዚያ ዘመን ወርቅማ ምልክት ያለውን ፊት በብረት ቀፎ አድርጎ ሸጧል። ቀፎውን ወርቅ ማስቀባትም ይቻል ነበር፤ ወንድምየው ግን አልፈለገም። አባቱ ያላሰሩት በወርቁ ምክንያት ነው። ብረት ሲሆን እሱ ያለ ሐሳብ ያስረዋል።

ሌላው ምክራችን ስለ ውሃ ነበር። ክዳኑ ተጭኖ የሚዘጋ ነው እንጂ ውሃ አይከለክልም። ጅዳ የተገኘውን ማሽን የገደለውም ውሃ ነው። ስለዚህ ለውዱእ ሲቀመጥ መጀመሪያ ሰዓቱን ያውልቅ አልነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚሆን ነገር ስለሆነ ከዝናብ ይልቅ ይህ ያሳስበናል።

ምን ተብሎ ይጠራ?

ቀፎው ላይ ያለው ቁጥር የ283 ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ግን 266 ነው። የሚያውቅ ሰው ክዳኑን ከከፈተ ወዲያው ይለየዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ቁጥር ያስፍቃል። እኛ አልፋቅነውም፤ ወደፊትም አንፍቅም። ሰዓቱ ቀፎው የተቀየረ መሆኑ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው መደበቁ ነው። በፈረንጆቹ 2021 ጄኔቫ ላይ ስፒድማስተር የሚባል አንድ የኦሜጋ ሰዓት ከ3 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። በፈረንጆቹ 2023 ኩባንያው ራሱ ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍል ተለቃቅሞ የተገጣጠመ መሆኑንና የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ተናገረ። እዚያ ጥፋቱ መገጣጠሙ አልነበረም። እንደ ወጥ ሆኖ መሸጡ ነው።

ስለዚህ ለመምህርቷ አንድ ወረቀት ጻፍንላት። ማሽኑ፣ ፊቱና ቆጣሪዎቹ የአባቷ ናቸው። ቀፎው፣ ዘንጉ፣ መጠምዘዣውና መስታወቱ ከጅዳ የመጣው ሰዓት ናቸው። ቀለበቱ ኮምቦልቻ የተሠራ ነው። ሞላው አዲስ ነው። የልኬቱ ወረቀትም አብሮ አለ። ልጆቻቸው አንድ ቀን የሚመጥን የወርቅ ቀፎ ቢያገኙ ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።

የዛገውን 283 አልወሰድነውም። ሬዲየም ካለባቸው ቆጣሪዎች ለይተን በፕላስቲክ ዕቃ አድርገን መለስንላት። ጥርሶቹን ከላይ ከሚይዙት ድልድዮች ሁለቱ ደህና ናቸው፤ አንዳንድ ጥርሶቹም ለ266 ይሆናሉ። የዚህ ቤተሰብ መለዋወጫ ደሴ ውስጥ በየሱቁ የሚገኝ አይደለምና፣ ወንድምየው ሰዓቱን ለእድሳት ሲያመጣ ያንንም ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ነግረነዋል።